ቤት ተቆጥሯል ወይ?

እሁድ ከሰዓት በኋላ ደብረ ታቦር ውስጥ መሳቅ የፈለገ ሰው ወደ ደሳለው ቪዲዮ ቤት ይሄዳል። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ከአንሶላው ጎን ረጅም በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ ማይክራፎን የጨበጠ ደሳለው ይቀመጣል።

ደሳለው የህንድ ፊልም ይከፍትና ድምፁን ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ሁሉ እሱ ነው። ህንድኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ያውቃል ብሎ የሚመጣም የለም። ባለጸጋው አባት አፉን ሲከፍት የእብናት ከብት ነጋዴ ሆኖ ይከራከራል። እናቲቱ ስታለቅስ፣ "ከፊት ያላችሁ እግራችሁን አንሡ፣ ጎርፍ መጣ!" ይላል። አክተሩ ዛፍ ዞሮ ብቅ ሲል ሸሚዙ ተቀይሮ ከሆነማ፣ "ቀይ ለብሶ ገባ፣ ቢጫ ለብሶ ወጣ! የኛ ሰው ያቺኑ አንዷን ከጥምቀት እስከ ጥምቀት!" ይልና ቤቱን በሳቅ ያፈርሰዋል።

ሕዝቡም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከመሃል ተነሥቶ ከደሳለው የበለጠ ያሳቀ ሰው የሚቀጥለውን እሁድ በነፃ ይገባል። ተማሪው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ከገበያ የቀረው ገበሬ፣ ሁሉም አንዲት ቃል አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

ከሁሉ የሚወደደው ግን ፍቅረኞቹ ሊሳሳሙ ሲቀራረቡ የሚመጣው ነው። ደሳለው ፊልሙን ቀጥ ያደርገዋል። ከበርጩማው ወርዶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጉሮሮውን እንደ ሽማግሌ ጠርጎ፣ "ቁሙ! ቤት ተቆጥሯል ወይ?" ይላል።

"አልተቆጠረም!" ይላል አዳራሹ።

"እንግዲያው ይቆጠራ!"

ያኔ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ትውልድ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሰባት ሲደርስ ደሳለው፣ "ንጹህ ናቸው፣ አይዛመዱም፣ ይቀጥሉ!" ብሎ ፊልሙን ይለቀዋል። እስከ ሰባት ትውልድ የተዛመደ ሰው በማይጋባበት አገር፣ የቦምቤ አክተሮች ፊታቸውን ገጥመው የደብረ ታቦርን ፈቃድ ሲጠብቁ ማየት ሆድ ያሳምማል።

ባምላኩ ለተሥላሴን ያገኛት እዚያ ነው። ሳያያት በፊት ሰማት። አንድ እሁድ አክተሩ በሞተር ብስክሌት እየከነፈ መጥቶ የባለጸጋውን የግንብ አጥር ደርምሶ ሲገባ፣ ደሳለው ለአፍታ የሚለው ጠፋው። ከኋላ በኩል አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ "ኧረ በሩ ክፍት ነበር!" አለች።

አዳራሹ ተናጋ። ባምላኩ ዞረ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በገዛ ድፍረቷ ደንግጣ የተቀመጠች ልጅ አየ። አፏን ብትሸፍንም ዓይኗ ገና እየሳቀ ነበር። እሷም አየችው። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ባምላኩ ዛሬም አያውቅም።

እሱ ከጉና ሥር ገብስ የሚያርሱት የአያ ፈንታሁን ልጅ ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታበታለች። አባቱ በሬ ሸጠው ዩኒቨርሲቲ አስገቡት፤ አሁን ከተማው ውስጥ የሰብል ባለሙያ ሆኖ ተቀጥሯል። እሷ ሁለት አይሱዙና አንድ ወፍጮ ቤት ያለው የእህል ነጋዴው የታደሰ ልጅ ናት። ዓመት ሙሉ ፍቅራቸው ከዚያ አዳራሽ አልወጣም። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመሃላቸው የቆሎ ወረቀት አስቀምጠው፣ ሌላው ሰው ሲስቅ ይሳሳቃሉ፣ ሌላው ሰው ሲቆጥር ይቆጥራሉ። እንዲያውም ከሁሉ አብልጠው የሚጮኹት እነሱ ነበሩ።

በመጨረሻ ባምላኩ ደፈረ። አባቱን ከገጠር አስጠራና ሽማግሌ ላከ።

*

ሽማግሌ በሚላክበት ቀን ልጁ አብሮ አይሄድም። ባምላኩ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ የቀረበለት ሻይ ሲቀዘቅዝ እያየ ጠበቀ። አባቱ ብቻቸውን መጡ። የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ መሬት መሬት እያዩ ነበር።

"አባባ፣ ይቀመጡ። ምን አሉዎት?"

"አከበሩን።" አያ ፈንታሁን ተቀመጡ። "ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ጠላው አይጠጣ ይመስል፣ ቢራ ደገሙልን። አከበሩን፣ ልጄ።"

"እና?"

"ቤት ቆጠርን። በኔ ወገን ንጹህ ሆነ። የልጅቱ አያት፣ አባ ሙላቴ፣ አቤት ሰው! 'የእናቱ ወገን የእብናት ሰው ነው፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ እዚህ ላይ ይብቃ' አሉ። ልጅቱን ሊመርቁልን ነበር። አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር፣ ባምላኩ።"

"ታዲያ ምን መጣ?"

አያ ፈንታሁን ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በጉልበታቸው መሃል አቆሙት። "ያ የታደሰ ወንድም። 'የቆላ ሰው ማን ይሁን ማን፣ ማን ያውቃል' አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ሰዎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እናትህን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሞተችበት አስንቄ ልውጣ? 'የቆላ ሰው አይደለችም!' አልሁ። 'ቅድመ አያቶቿ ከደጋ የወረዱ ናቸው፣ አጥንቷ ካንተ አጥንት ቢበልጥ እንጂ አያንስም!' አልሁና እሷ እንደነገረችኝ አንድ በአንድ ወደ ላይ ቆጠርሁ። ስድስተኛው ላይ ከአንበሳሜ የወረዱት ባላምባራስ ጎሹ ናቸው ስል፣ አባ ሙላቴ ብድግ አሉ።"

ባምላኩ የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ ጎን ገፋው።

"'ጎሹ? ደም ውስጥ ገብተው፣ አንድ ልጅ አንበሳሜ ትተው የጠፉት?' አሉ። 'አዎን' አልሁ። የዚያ የተተወው ልጅ ልጅ ለካ እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የአያታቸውን ዘር ሲያፈላልጉ ኖረዋል። አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። 'ዘመዴ ተገኘ!' እያሉ። በግ ይታረድ አሉ።" አያ ፈንታሁን የዱላቸውን ጫፍ መሬቱ ላይ አሻሹ። "ባንተ ስድስት፣ በልጅቱ አምስት። የሀብታም ቤት እንደዚያ ታቅፌ አላውቅም፣ ልጄ። ታቅፌ ሳለሁ ነው ምን እንዳደረግሁህ የገባኝ።"

"አባባ..."

"አፌ ነው። አምስተኛው ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ በቤቷ የሰርግ ቀን ይቆረጥ ነበር። ድሀ ሰው ቤት ሲገባ ከአፉ በቀር ምን ይዞ ይገባል?"

ሌላ ልጅ ቢሆን ይቆጣ ይሆናል። ባምላኩ የሞተች እናቱን ላለማስናቅ የተናገረ ሰው ምን ብሎ ይቆጣል? የአባቱን ሻካራ እጅ ያዘ። "አላጠፉም። እኔም ብሆን አልችልም ነበር" አለ። እውነቱን ነበር። ምናለ ውሸት በሆነ ብሎ የተመኘውም ያኔ ነው፤ የሚወቅሰው ሰው ቢያገኝ ሐዘኑ መቀመጫ ያገኝ ነበር።

*

ለተሥላሴ ስልኳን አታነሣም። ለላከላት መልእክት መልስ የለም። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ባጃጅ ውስጥ አያት። እሷም አየችው፤ አይታው ፊቷን አዞረች። ባጃጁ አቧራውን ጥሎበት አለፈ።

ያን ዕለት ባምላኩ መለያየቱ ቀሏታል ብሎ ወሰነ። የእሷ ሰዎች በግ አርደው ዘመድ አገኘን ብለው እየተደሰቱ ነው፤ እሷም ተስማምታለች፤ ምናልባት የድሀ ገበሬ ልጅ በሰበብ ቀርቶላት ይሆናል። ይህን ሲያስብ ራሱን ታዘበ። አያውቃትም እንዴ? ያውቃታል። ነገር ግን ፊቷን ስታዞር የታየችው እሷ ናት።

ቅዳሜ መልእክት ገባለት። "ነገ ደሳለው ጋ እመጣለሁ። ናልኝ።"

*

እሁድ ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የደሳለውን ድምፅ ሊውጠው ይታገላል። ሰው እርጥብ ጋቢውን እንደለበሰ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ለተሥላሴ ከሁሉ በኋላ ገባች። ጎኑ ተቀመጠች። በመሃላቸው ቆሎ አልነበረም።

"ለምን ፊትሽን አዞርሽብኝ?" አላት፣ ሰላም ሳይላት።

"አንተን እያየሁ ባልፍ ኖሮ ከባጃጁ እወርድ ነበር" አለች። "አያቴ አጠገቤ ነበሩ። አላየሃቸውም?"

አላያቸውም ነበር። እሷን ብቻ ነበር ያየው። የሰሞኑ ቂሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሟሟና ከሥሩ የነበረው ሐዘን ባዶውን ቀረ።

"ነገ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ አክስቴ ዘንድ" አለች። "አባቴ እዚያው ሱቅ ሊከፍትልኝ ነው። የሚጠይቀኝም ሰው አለ መሰለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።"

ግድግዳው ላይ ሾፌሩ የባለጸጋውን ልጅ መኪና እየጠረገ ይዘፍናል። "ይቺን መኪና ካየሁ ጀምሮ ትታጠባለች" ይላል ደሳለው፣ "ወይ መኪናዋ ታልቃለች፣ ወይ ውኃው ይቆረጣል! የደብረ ታቦር ቧንቧ ቢሆን እስካሁን በምራቁ ነበር!"

አዳራሹ ሳቀ። ባምላኩ በሳቁ መሃል ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። "እኔም ባሕር ዳር እመጣለሁ። ማዘጋጃ ቤት እንፈራረም። እዚያ ማንም ቤት አይቆጥርብንም።"

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ሙዚቃው ዝም አለ። ሾፌሩና የባለጸጋው ልጅ በዝናብ ውስጥ ተያዩ። ተቀራረቡ። ምስሉ ቀጥ አለ። ሕዝቡ የሚመጣውን አውቆ ማጨብጨብ ጀመረ። ደሳለው ከበርጩማው ወረደ፣ ጋቢውን አጣፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቁሙ! ቤት ተቆጥሯል ወይ?"

"አልተቆጠረም!"

"እንግዲያው ይቆጠራ!" ካለ በኋላ ግን እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደነሱ አቅጣጫ አየ። ከሁሉ የሚጮኹት ደንበኞቹ ዝም ማለታቸው ገርሞት ነበር። "እናንተ! እዚያ ጥግ ያላችሁት! ምነው ዛሬ ድምፃችሁ? ዝናቡ ነው ወይስ ተጣላችሁ?"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ባምላኩ መሬት ውስጥ ቢገባ ወደደ።

"አንድ!" አለ አዳራሹ። "ሁለት! ሦስት! አራት! አምስት!"

ለተሥላሴ ተነሥታ ቆመች።

"ይበቃል!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ከዝናቡ በላይ ወጣ። "አትድከሙ፣ ይበቃል! አምስተኛው ላይ ተገናኝተናል!"

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ደሳለው ቪዲዮ ቤት ከተከፈተ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። ሰው ጉልበቱን ይመታል፣ ጎረቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ አንዱ ገበሬ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ ይንፈራፈራል። ከፊት፣ "ወይኔ ሾፌሩ! መኪናውን በነፃ ነው ያጠበው!" የሚል ተነሣ፤ ሳቁ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። ደሳለው ራሱ ማይክራፎኑን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ያብሳል።

"ገደለችኝ!" አለ ትንፋሹን ሲያገኝ። "ልጅት፣ የሚቀጥለው እሁድ በነፃ! ወሩን ሙሉ በነፃ!"

ለተሥላሴ ተቀመጠች። ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ባምላኩ ብቻ ነው ሳቁ ሌላ ነገር ሲሆን ያየው። ዙሪያዋን ያለ ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ስለሆነ የእሷን እንባ ለይቶ የሚያይ አልነበረም።

"ይኸውልህ" አለች በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች። "ለአንድም ሰው ነግሬው አላውቅም ነበር። ነገርኳቸው። ይቀልለኛል ብዬ ነበር።"

"አልቀለለሽም?"

"አልቀለለኝም።"

ፊልሙ ቀጠለ። ሁለቱ አክተሮች ተሳሙ፤ ደሳለው "ዘመድ ናችሁ፣ ተዉ!" እያለ ከአንሶላው ጋር ይታገላል። ባምላኩ አላየም።

"ለተ፣ ስሚኝ። አምስት ትውልድ፣ ስድስት ትውልድ፣ ከደም ምንም የሚቀር የለም። ተምሬዋለሁ።"

"አንተ የተማርከው ስለ ገብስ ነው" አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። "ማዘጋጃ ቤት እንፈራረም አልክ። እሺ፣ ተፈራረምን። ልጅ ወለድን። ልጁ ትኩሳት ያዘው። ሐኪሙ 'ጉንፋን ነው፣ ይድናል' ብሎ መለሰን። አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ እጅህን ግንባሩ ላይ አድርገሃል። ምን ታስባለህ?"

"ምንም" ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ነገር ግን የልጅነት ሰፈሩ ትዝ አለው፤ ከገብሱ ማሳ ማዶ የነበረው ጎጆ፣ አፍ ያልፈታው የዚያ ቤት የበኩር ልጅ፣ በአጥሩ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቤት ሳይቆጥሩ ተጋብተው ነው" የሚሉት ሴቶች። እሱም አንድ ቀን ዝቅ ባለ ድምፅ ብሎታል። ትምህርቱ ሁሉ ከዚያ ድምፅ በኋላ የመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ዕውቀት ራሱ ላይ ነበር፤ ይህኛው ግን ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

"መልስልኝ" አለች። "አላስብም በለኝ። አንድ ጊዜ በለኝና ዛሬውኑ አብሬህ እሄዳለሁ። ልብስ እንኳ አልይዝም።"

ዓይኖቿ ውስጥ አየ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ታምነውም ነበር። የሚያስፈራውም ማመኗ ነበር። አንድ ቃል ተናግሮ ሊወስዳት፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን ያንን ቃል እውነት ለማድረግ ሲታገል ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ፊቱን ከእሷ ሲሰውር ታየው።

ዝም አለ።

ለተሥላሴ ዝምታውን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። "አውቄ ነበር" አለች። "እኔም እንዳንተው ነኝ። አባቴ ቢከለክለኝ ጥዬው እወጣ ነበር። አያቴ ቢረግሙኝ እርግማኑን እችለው ነበር። የከለከለኝ እነሱ ውስጥ ያለው አይደለም፣ ባምላኩ።"

እጇ አግዳሚው ላይ ነበር። እሱም እጁን አስጠጋ። ሁለቱ እጆች ሳይነካኩ እንዲሁ ተጠጋግተው ቆዩ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ፣ ሾፌሩ የባለጸጋውን ልጅ እስኪያገባ፣ አዳራሹ እልል እስኪል ድረስ። ለተሥላሴም አብራ እልል አለች። ድምፅዋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

*

ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል። መንገዱ ላይ ያቆረ ውኃ ውስጥ ሰማይ ይታያል። ሕዝቡ እየሳቀ ይበተናል፤ "አምስተኛው ላይ ተገናኝተናል!" እያሉ የሚቀባበሉ ተማሪዎች ለተሥላሴን ሲያዩ አጨበጨቡላት።

በሩ አጠገብ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ውስጡ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ባምላኩ ከዚህ ቀደም ከሩቅ እንጂ አይቷቸው አያውቅም፤ አሁን ግን ለመለየት አላቃተውም። የእናቱ ግንባር ነበር። የእናቱ ግንባር የአባ ሙላቴ ፊት ላይ ነበር።

ለመሸሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አባ ሙላቴ ግን አዩት። አልተቆጡም፤ ፊታቸው በራ።

"የፈንታሁን ልጅ አይደለህም? ና፣ ና ልጄ! የት ትሸሻለህ!" ከባጃጁ ወረዱና አገላብጠው ሳሙት። "መልክህ ራሱ ይናገራል። አቤት የደም ነገር! ይቺ እኮ ነገ መሄዷ ነው። ተሰነባበታችሁ?"

"አዎን፣ አባ" አለ ባምላኩ።

"በቃል ብቻ? ኧረ አይሆንም!" ሽማግሌው የሁለቱንም ክንድ ይዘው አቀራረቧቸው። በፊታቸው ላይ ተንኮል አልነበረም፤ ያገኙትን ዘመድ ላለማጣት የሚጓጓ የአዛውንት ደስታ ብቻ ነበር። "ሳማት እንጂ! እህትህ አይደለችም? ዘመድ ከዘመዱ ሲለያይ በዓይን ብቻ ነው? ለተ፣ ሳሚው፣ ምን ያሳፍራል!"

ዓመት ሙሉ ባምላኩ ይህን ጉንጭ በሰው ፊት ሊስም ሲመኝ ኖሯል። አሁን መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ የባጃጅ ሾፌሮች እያዩ፣ ተማሪዎች እያዩ፣ የገዛ አያቷ ክንዷን ይዘው ሰጡት። ቀኙን ሳመ፣ ግራውን ሳመ፣ እንደገና ቀኙን። ጨው ጨው አለው። ሦስተኛው ላይ ለተሥላሴ ጉንጯን ከጉንጩ ቶሎ አላነሣችም። ከወግ በላይ ትንሽ ቆየች። ማንም ነውር ነው አላለም፤ ዘመድ ናቸውና።

"እንዲህ ነው!" አሉ አባ ሙላቴ። "ባሕር ዳር ስትሄድ እየገባህ ጠይቃት። አትራራቁ።"

ለተሥላሴና አያቷ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ባጃጁ ውኃውን እየበተነ ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው በጎን መስኮቱ እጃቸውን አውጥተው አወዛወዙለት። ዘመድ ሲሸኝ እጁን ያነሣል። ባምላኩም አነሣ፣ ሰውም እንዲያየው ከፍ አድርጎ አነሣ፤ ባጃጁ ከታጠፈ በኋላም እንዴት እንደሚያወርደው ጠፋው።